ዋስ የሆኑት እማማ ጥሩነሽ

የሺአረግ ልጆቿን ይዛ ከአገር እንድትወጣ ማህተም የመታላት ሰው፣ ባሏን የወሰደባት ሰው ነው። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

ባሏ ኤርሳዶ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት የሂሳብ አስተማሪ ነበር። የካቲት 1970 ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጠመኔውን ከእጁ ሳያስቀምጥ ከክፍል ጠርተው አወጡት። የጠራው ቢተው ነው። ቢተው ያኔ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነበር፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውጭ በር አብሯቸው የሚኖር፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ነህምያ ሲወለድ በግ ሲገፍ የዋለ ጎረቤት። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አለው። ከዚያው ክፍል አንዳርጌ የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ጨምሮ ወሰደ። ሁለቱም አልተመለሱም። የሺአረግ ሃያ አንድ ቀን ስንቅ አመላለሰች። በሃያ ሁለተኛው ቀን ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላትና ባዶውን ሳህን መለሰላት። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ልቅሶ መቀመጥ እንኳ አይፈቀድም ነበር።

ነፍሰ ጡር ነበረች። በሐምሌ ሴት ልጅ ስትወልድ ዘመዶቿ «ማስረሻ በያት» አሏት።

«ምኑን ነው የምታስረሳኝ?» አለችና ካሳነሽ ብላ ጠራቻት። ሰው ሁሉ በአባቷ ፈንታ ተሰጠችኝ ማለቷ መሰለው። እሷ ያሰበችው ካሳ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ከቢተው ጋር በአንድ በር ገባች፤ በአንድ በር ወጣች። ግቢው በአዋጅ የተወረሰ ነው። ቢተው ሊቀመንበር ሲሆን ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ቪላ ያዘ፤ እሷ ከጀርባ ባለችው ሦስት ክፍል ቤት ቀረች። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ይላታል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ፊቷን አይቶ የሚያውቅባት ነገር አልነበረም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ቢተው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ወንበር ዘርግቶ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶት፣ እሷ ጎመን የምትከትፍበትን ቢላዋ ይዛ በአጠገቡ አለፈች። ቆመች። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየችው። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም፤ ካሳነሽ ከቤት ውስጥ «እማዬ» ብላ ስትጣራ ነው የተንቀሳቀሰችው። የዚያን ዕለት ጎመኑን ሳትሠራው ደፋችው። ቢላዋ ለእሱ አጭር ነው፣ አለች በልቧ። ለእሱ ረጅም ነገር ነው የሚያስፈልገው።

ረጅሙ ነገር የተገኘው በልጇ ሕመም በኩል ነው። ነህምያ ስምንት ዓመት ሲሞላው ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ እየሮጠ የመጣ ይመስል ያለከልካል። ሐኪሞች የልቡ በር በሚገባ አይዘጋም፣ ቀዶ ጥገናው እዚህ አገር አይሠራም አሉ። ታላቅ እህቷ የሻሽወርቅ ሮም ነበረች፤ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ልብስ ታጥባለች። እሷ መነኮሳቱን ለምና ልጁን እንዲቀበሉት አደረገች፤ ትኬቱም ከዚያው መጣ። የሕክምና ቦርዱም ፈረመ። የቀረው የቀበሌ ማረጋገጫና የመውጫ ቪዛ ነው።

በዚያ ዘመን ለሕክምና የሚወጣ ሰው መመለሻ እንዲኖረው አንድ ልጅ ይያዝበታል። የሺአረግም ካሳነሽን ይይዙብኛል ብላ ነበር። ቢተው ግን ቢሮው አስጠርቷት፣ «ሕፃን ከእናቷ አትለይም፤ ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ» አላት። ፈገግ ብሎ ነው ያላት። ምን እንዳሰበ ወዲያው ገባት። ቤቷን ነው የፈለገው። እሷ ከወጣች ግቢው ጠቅላላ የእሱ ይሆናል። ባለቤቱ ገና ድሮ፣ በአጥር በኩል ቆማ፣ መጋረጃ የሚሰቀልበትን መስኮት ስትለካ ታይታለች።

የሺአረግ «እግዜር ይስጥልኝ ጓድ ሊቀመንበር» ብላ ወጣች። ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ሾላ ገበያ ወረደች።

ሾላ ጌሾ ተራ ላይ አንዲት አሮጊት ይቀመጣሉ፤ እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ። የአንዳርጌ እናት ናቸው። ከየሺአረግ ጋር የተዋወቁት እስር ቤቱ በር ላይ፣ ስንቅ ይዘው ተሰልፈው ነው። ልጃቸው ከጠፋ በኋላ የሚከራዩትን ቤት ተቀምተው፣ ላምበረት አካባቢ የሰው ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ቆርቆሮ ሥር ነበር የሚያድሩት።

«እማማ፣ ቤቴን ልሰጥዎት ነው» አለቻቸው።

«የምን ቤት?»

«የምኖርበትን። ከቢተው ጋር በአንድ ግቢ ያለውን።»

አሮጊቷ የጌሾ ቅጠሉን መለየት ቀጠሉ። ከዚያ፣ «እዚያ ገብቼ ምን አድርግ ትይኛለሽ?» አሉ።

«ምንም አያድርጉ። በሩ ላይ ይቀመጡ። ሲወጣ ይዩት፤ ሲገባ ይዩት። እስኪሞት ድረስ ይዩት።»

«ያውቀኛል እኮ። ሦስት ቀን ሙሉ ቢሮው በር ላይ ተደፍቼ ለምኜዋለሁ።»

«ቀና ብሎ አይቶዎት ነበር?»

እማማ ጥሩነሽ አሰቡ። «አላየኝም» አሉ። «ጫማውን ነው የማስታውሰው።»

በማግስቱ አንድ ጆንያና አንዲት ትንሽ ሳጥን ይዘው ገቡ። የሺአረግ አክስቴ ናቸው አለች፤ ልጆቹም እማማ እያሉ ጉልበታቸው ላይ ተንጠላጠሉ። በሦስተኛው ቀን ቢተው በሩ ላይ አገኛቸው። የሺአረግ በመስኮት ታያለች። ቢተው ግን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «እንደምን ዋሉ እማማ» አለና አለፈ። አሮጊቷ ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

«ረስቶኛል» አሉ። «ልጄን በልቶ ረስቶኛል። አሁን እቀመጥለታለሁ።»

የሺአረግ በመሥሪያ ቤቷ ታይፒስት ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ለአለቆች ስትጽፍ ኖራለች፤ አለቃ ወረቀት ሲቀርብለት ዓይኑ ቀድሞ የፊርማውን ቦታ እንደሚፈልግ ታውቃለች። ለመውጫ ቪዛው አገር ውስጥ የሚቀር ዋስ ይጠየቅ ስለነበር የዋሱን ቅጽ ራሷ ጻፈችው። በመጀመሪያው ገጽ የልጁ ሕመምና የቦርዱ ውሳኔ አለ። በሁለተኛው ገጽ ታች፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ፣ «ዋስ የሆኑት ወይዘሮ ጥሩነሽ የዚሁ ቤት ቁጥር ቋሚ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ቤቱን በስማቸው ተረክበው የሚኖሩ መሆኑን ቀበሌያችን ያረጋግጣል» ይላል። አልደበቀችውም፤ እንደሌላው መስመር በጥሩ ታይፕ የተጻፈ ነው።

ቢተው የመጀመሪያውን ገጽ ግማሽ አነበበ። «ዋሷ ማናት? ያቺ አሮጊት?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«እሷ ደግሞ ስትሄዱ አገሯ ትገባ የለ?»

«ዕድሜያቸውም ገፍቷል» አለች የሺአረግ። ውሸት አልተናገረችም።

ቢተው ሳቀና በሦስቱም ቅጂ ላይ ማህተሙን መታ። አንዱ ለኢሚግሬሽን፣ አንዱ ለቀበሌው። ሦስተኛውን ቅጂ በዚያው ቀን ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው የቤቶች ክፍል ወሰደችው። እዚያ ያለው ጸሐፊ ማህተሙን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ የቤቱን ውል በጥሩነሽ ስም አዛወረ። ውሉን እማማ ጥሩነሽ መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

የሚሄዱበት ቀን ሐምሌ አጋማሽ፣ 1976 ላይ ዋለ። ከተማው አሥረኛውን የአብዮት በዓል ሊያከብር ሽር ጉድ ይላል፤ የቦሌ መንገድ አጥሩ በሙሉ ቀለም ተቀብቷል፣ ዝናብ ያልደረቀውን ቀለም እያጠበ አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ ያወርዳል። የሺአረግ ልጆቿን ሁለት ሁለት ልብስ ደርባ አልብሳቸዋለች፤ ሻንጣው አንድ ብቻ ነው። ካሳነሽ ታክሲው ውስጥ ሆና፣ «አውሮፕላኑ ላይ ሽንት ቤት አለ?» ስትል ነው የመጣችው። ነህምያ አውሮፕላን ይፈራል፤ ላለመፍራት ከንፈሩን ነክሶ ይዟል።

ሻንጣቸው ተፈተሸ። ፈታሿ ሽሮውን ቀምሳ፣ የካሳነሽን የጨርቅ አሻንጉሊት ጨምቃ መለሰችላት። ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ደረሱ። ጠረጴዛው ጋ ያለው የጸጥታ ሠራተኛ ሰማያዊ ኮት የለበሰ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያስቀመጠ፣ እያንዳንዱን ወረቀት እንደ ዳኛ የሚያገላብጥ ሰው ነው። የሺአረግ ወረቀቷን ከሰጠችው በኋላ ነው ከኋላዋ ጩኸት የሰማችው።

«ይቺ ሴት አትሄድም!»

ዞር ስትል ቢተው ነው። የዝናብ ካፖርቱ ያንጠባጥባል፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። እነሱ ከወጡ በኋላ ቤቱን ሊያሽግ ቁልፍና ሰም ይዞ ሲሄድ እማማ ጥሩነሽን በሩ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። «ከዚህ ተነሽ» ሲላቸው ውሉን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩት። «አንቺ ማነሽ?» ሲላቸው ደግሞ፣ «የአንዳርጌ እናት» አሉት። ከዚያ ወዲያ የቀበሌውን መኪና አስነስቶ ቦሌ እስኪደርስ ትንፋሽ አልወሰደም።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለ የጸጥታ ሠራተኛው።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ነኝ። አታላ ነው ማህተም ያስመታችኝ።»

ሰውየው የዋሱን ቅጽ አወጣ። «ማህተሙ የእናንተ ነው?»

«ነው።»

«ፊርማውስ?»

«የኔ ነው፣ ግን...»

«ተገደው ነው የፈረሙት?»

«አላነበብኩትም! ሦስት ወረቀት አንድ ላይ አምጥታ...»

የጸጥታ ሠራተኛው መነጽሩን አወለቀ። የሺአረግን ለመርዳት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ፊቷንም ገና አላየም። ነጭ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣና ከእስክሪብቶ ጋር ቢተው ፊት አስቀመጠ።

«እንግዲያው ይጻፉ። 'ሦስት ሰዎች ከአገር የሚወጡበትን ማስረጃ ሳላነብ ፈርሜያለሁ' ይበሉና ስምዎን ያኑሩበት። እነሱን አስቀራቸዋለሁ። የእርስዎን ወረቀት ደግሞ ለበላይ እልካለሁ።»

ቢተው እስክሪብቶውን አነሳ። የሺአረግ የካሳነሽን እጅ ሳታውቀው እስኪያማት ጨብጣ ነበር። በመስከረም ፓርቲው ሊመሠረት ነው፤ ቢተው ለአባልነት ከታጩት አንዱ ነው፤ ይህን ደግሞ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። አንድ ፊደል አልጻፈም። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ለብቻዋ ላነጋግራት» አለ።

«አውሮፕላኑ እስኪጠራ» አለ ሰውየው።

ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። ቢተው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቁጣው ጠፍቶ ሌላ ነገር ፊቱ ላይ መጣ። የድሮው ጎረቤት ሊመስል ሞከረ።

«የሺ፣ አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። 'ሴትዮዋ አክስቴ አይደለችም፣ አታልዬ ነው ያስገባኋት' በይ። ቤቱ ይመለሳል፣ አንቺም ትሄጃለሽ፤ የሚነካሽ የለም።»

«አልጽፍም።»

«ስሚኝ። ኤርሳዶ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

የሺአረግ አንድ እርምጃ ጠጋችው።

«የተቀበረበትን» አለ ቢተው። «አብሬ ነበርኩ። ቦታውን እነግርሻለሁ። ድንጋይ አስቀምጠሽበት፣ ልጆችሽን አሳይተሽ... አንድ መስመር ጻፊልኝና እነግርሻለሁ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ነበር የፈለገችው። በየበዓሉ አበባ ይዛ የምትሄድበት አጥታ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እያስቀመጠች ስትመለስ፣ የምትለምነው ይህን ብቻ ነበር። አሁን ቦታውን የሚያውቀው ሰው ራሱ እጁን ዘርግቶ ይሰጣታል። ነህምያን አየችው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለከልካል፣ ትከሻው የአባቱ ትከሻ ነው። አንድ መስመር። አሮጊቷ እንደሆኑ ቆርቆሮ ሥር ማደር ለምደውታል... እዚህ ድረስ አሰበች፤ ማሰቧን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም።

ከዚያ የቢተውን ፊት አየች። እያባበላት፣ ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደዚያ ነጭ ወረቀት ይሸሻል። ፈርቷል። ቢተው ሲፈራ አይታ አታውቅም።

«አብረህ ነበርክ?» አለችው። እርስዎም፣ ጓድም ቀርቶ ነበር። «አንዳርጌስ? አብሮት ነው የተቀበረው?»

ቢተው ዞር ብሎ ጠረጴዛውን አየ።

«ካወቅህ ለእማማ ጥሩነሽ ንገራቸው። ለመፈለግ አትቸገርም፤ በርህ ላይ ናቸው። ዛሬ ካላሰኘህ ነገ፣ ነገ ካላሰኘህ ከነገ ወዲያ። የትም አይሄዱም። ዋስ ናቸው።»

«ውሻ!» አላት ጥርሱን ነክሶ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

«ተኩስ» አለችው ሳትጮህ። «እዚህ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ ተኩስ።»

ያን ጊዜ ካሳነሽ ማልቀስ ጀመረች። ሽንቷ አምልጧት ሁለቱም ቀሚሶቿ ረጥበዋል። የጸጥታ ሠራተኛው ከጠረጴዛው ሆኖ፣ «ጨርሳችኋል? የሮም ተጓዦች እየገቡ ነው» አለ። ቢተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የሺአረግ ልጇን ከነእርጥቧ አቀፈቻት፣ ነህምያን በሌላ እጇ ያዘችው፣ ማህተም የተመታበትን ፓስፖርቷን ተቀብላ በመስታወቱ በር ወጣች። ዞራ አላየችውም። ማየት ግን ፈልጋለች፤ እንዴት እንደቆመ፣ እጁን የት እንዳደረገ ማየት ፈልጋለች።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ነህምያ ፊቱን ክንዷ ውስጥ ቀበረ። ካሳነሽ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ «ቤቶቹ የት ሄዱ?» እያለች ትጠይቃለች። የሺአረግ ሳቀች። ሳቋ ልክ አልነበረም፤ ከጎኗ የተቀመጡት ሰውዬ ዞር ብለው አይዋት። ከዚያ፣ ደመናው ውስጥ ሲገቡ፣ ኤርሳዶን ከእንግዲህ ወዲህ ማንም እንደማይፈልገው አሰበችና ሳቋ ሆዷ ውስጥ ሞተ።

ነህምያ በጥቅምት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በገና ደረጃ መውጣት ቻለ። የሺአረግ ከእህቷ ጋር የሆስፒታሉን አንሶላ መተኮስ ጀመረች። ቢተው እውነቱን ይነግራት ነበር ወይስ የሆነ ሜዳ አሳይቶ ይዋሻት ነበር? ካውያውን እየገፋች ይህን ታመላልሳለች። አንዳንድ ቀን ያቃጥላታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የሰውየው የፈራ ፊት ትዝ ሲላት ሥራው ይቀላታል።

ግንቦት 1977 ላይ ከእማማ ጥሩነሽ ደብዳቤ መጣ፤ ማንበብና መጻፍ ስለማያውቁ ለጌሾ ደንበኛቸው እየነገሩ ያስጻፉት ነው።

«ልጄ የሺአረግ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሰውየው ሊያስወጣኝ ከፍተኛው ድረስ ሄዶ፣ ማህተሙ ያንተ ነው ብለው መለሱት። ፓርቲውም ገባ፤ ግን አልጠቀመውም። ጠዋት ሲወጣ 'ልጄን የት አደረስከው?' እለዋለሁ። ማታ ሲገባም እንደዚያው። ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። መጀመሪያ ሰደበኝ፣ ቀጥሎ ገፈተረኝ፣ ቀጥሎ እንዳላየ ማለፍ ጀመረ። በኋላ በጓሮ በኩል አጥር ቀዶ ሌላ በር አወጣ፤ በርጩማዬን ወደዚያ ወሰድኩት። ሚስቱ እህል መብላት ተወ፣ አይተኛም ብላ ለጎረቤት አለቀሰች። የዛሬ ወር ዕቃቸውን ጭነው ኮተቤ ሄዱ። የት እንደሆነ አልነገረኝም፤ የልጄንም፣ የባልሽንም። አዲሱን ቤቱን ግን አጠያይቄ አግኝቼዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ጌሾዬን ጨርሼ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። በሩ ፊት ለፊት ጥሩ ድንጋይ አለ። ክረምቱ ሲመጣ ብቻ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም።»

የሺአረግ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ካውያውን አጠፋች፣ ኮቷን ለበሰች፣ ካሳነሽን አስከትላ ከሆስፒታሉ ማዶ ካለው ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ከፊቷ ትናንሽ፣ አበባ አበባ ያለባቸው የሴት ጃንጥላዎች ደረደረላት። የሺአረግ ራሷን ነቀነቀች። ቋንቋውን ገና በደንብ ስላልለመደችው ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየችው፤ ካሳነሽም እናቷን አይታ እጇን ዘረጋች።

«ሰፊ» አለችው፣ «ወፍራም። ብዙ ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ነው።»